ሁለት ጊዜ የተከተበች ጊደሬ በአባ ጎርባ ሞተች፤ ክትባቱን ምን ነካው?

ባለአራት
ሰላም ለዚህ ቤት። አንጀቴ እያረረ ነው የምጽፈው። አራት ከብት አለኝ፤ ሁለት ላም፣ አንዲት ጊደር፣ አንድ የ4 ወር ጥጃ። ነበረኝ ልበል እንጂ። ቅዳሜ ማታ ከግጦሽ ስትመለስ ቦቃዋ ጊደሬ የኋላ እግሯን ታነክሳለች። ድንጋይ መቷት ይሆናል ብዬ አሸት አሸት አደረግኋትና ገብቼ ተኛሁ። እሑድ ጠዋት መነሳት አቃታት። ታፋዋ አብጧል፤ ማታ ይፋጅ የነበረው ቆዳ ቀዝቅዟል፤ ስጫነው ደግሞ ከውስጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ከቀትር በፊት አለቀች። ገና 13 ወሯ ነው። ከአራቱም ሰውነቷ የሚያምረው እሷ ነበረች።

ያበገነኝ ሞቷ ብቻ አይደለም። ለአባ ጎርባ ሁለት ጊዜ ተከትባ ነበር! ቀኑ ደብተሬ ላይ ተጽፏል። ታዲያ መከተቡ ምን ፋይዳ አለው? የቀሩትን ሦስቱንስ ምን ላድርጋቸው?

ባለመርፌው
አይዞህ ወንድሜ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ስለ ክትባቱ እንመለስበታለን፤ አሁን ግን ቶሎ መልስልኝ። በድኗን ከፍተሃል? ቆዳዋን ገፈሃል? ከአፍንጫዋ ወይም ከኋላዋ ደም ፈሶ ነበር?

ባለአራት
አልከፈትኳትም ዶክተር። ደምም አላየሁም። ጎረቤት «ቆዳዋስ ለምን ይባክናል» ቢለኝም እምቢ ብዬ ከውኃ ራቅ ባለ ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርኳት። ውሻ እንዳይቆፍር ድንጋይ ጭኜበታለሁ።

ባለመርፌው
እሰይ! የጠየቅሁበት ምክንያት አለኝ። ድንገት የሞተ ከብት አባ ሰንጋ አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ እንደ አባ ሰንጋ ነው የሚያዘው። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ሲከፈት ባክቴሪያው አየር ያገኝና ስፖር (ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ የሚተኛ ባክቴሪያ) ይሆናል፤ ስፖሩ አፈር ውስጥ ገብቶ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ሰውንም ይይዛል፤ ገፋፊውን፣ ሥጋውን የነካውን፣ የበላውን። የማይረጋ ጥቁር ደም ከአፍንጫና ከኋላ ከፈሰሰማ መጠጋትም አያስፈልግም፤ ለሐኪም መናገር ብቻ ነው።

የአንተ ጊደር ምልክት ግን አባ ጎርባን ነው የሚመስለው። ዕድሜዋም ይገጥማል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያሉትን ነው፤ ከእነሱም ወፍራሙን፣ ቶሎ ቶሎ የሚያድገውን ይመርጣል። ስፖሩ ከሣር ጋር ይዋጥና ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ተኝቶ ይቆያል። አንድ ቀን ከብቱ ሲወድቅ ወይም ሲመታ ጡንቻው ይጎዳል፤ የተጎዳው ሥጋ አየር ሲያጣ ስፖሩ ይነቃል። ስትጫነው የሰማኸው መንኮሻኮሽ ባክቴሪያው ያመረተው ጋዝ ነው። ከብት ወደ ከብት አይተላለፍም፤ አንድ መስክ ላይ የሚግጡት ግን ሁሉም ያንኑ ሣር ነው የሚበሉት። በፔኒሲሊን ለማዳን ገና ማነከስ እንደጀመረች መድረስ ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ ብዙዎቹ አይተርፉም። ስለዚህ ማታ ባለመነሳትህ ራስህን አትብላ።

አሁን ወደ ክትባቱ። ማን ወጋት? መቼ? ሁለቱም ዙር ከየትኛው ብልቃጥ ነው?

ዝም ያለ ኮርማ
እኔ ድሮም ብያለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት የ8 ወር እርጉዝ ላሜን አስከትቤ በሳምንቱ አስወረደች። ከዚያ ወዲህ መርፌ የያዘ ሰው በረቴን አይረግጥም። ክትባት ጤነኛውን ማሳመም ነው።

አሮጌ በረት
ኮርማው፣ ስምህ ዝም ያለ ይላል፤ አንተ ግን ዝም አላልክም። እኔ የደስታን በሽታ ወሬ ከአባቴ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስሙ ደስታ ይባል እንጂ በረት ሙሉ ከብት በሳምንት ጠርጎ የሚሄድ ነበር። ዛሬ ከምድር ላይ ጠፍቷል፤ መጥፋቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ለዓለም ታውጇል። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው። ምን አጠፋው ብትለኝ ክትባት ነው፤ መንደር ለመንደር እየዞሩ፣ ያመለጠውን እየፈለጉ። ሐሜትህን ከማሰማትህ በፊት ይቺን ያዝልኝ።

የማለዳ አላቢ
ጋሼ እንዲህ አይቆጡ፤ ላሙ ያስወረደችበት ሰው ነገሩ ቢመረው አይፈረድበትም። እኔ ግን ኮርማውን ልጠይቅህ። ስትከተብ እንዴት ነበር የያዛችኋት?

ዝም ያለ ኮርማ
አራት ሰው ሆነን። አስቸገረችና ጥለን ነው የወጋናት።

የማለዳ አላቢ
በቃ! የ8 ወር እርጉዝ መሬት ላይ ተጥላ!

ባለመርፌው
እትዬ ጨርሰውታል፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሞተ ባክቴሪያ የያዘ ክትባት፣ የአባ ጎርባው ዓይነት፣ እርጉዝን ራሱ አያስወርድም፤ አስወረደ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ግርግሩ፣ ማሯሯጡና መጣሉ ነው። ሕያው ተህዋስ ያለባቸው አንዳንድ ክትባቶች ግን በእርግጥ ያስወርዳሉ። ኤስ 19 የሚባለው የውርጃ በሽታ (የብሩሴላ) ክትባት ለምሳሌ ለትንንሽ ሴት ጥጃዎች ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ለእርጉዝ አይሰጥም፣ ለወንድም አይሰጥም። የሚወጋው ሰው ራሱን በመርፌው ከወጋ ይታመማል። ስለዚህ ኮርማው ያለው ሁሉ ከንቱ አይደለም፤ ላሙ የተከተበችው ምን እንደነበር አለመጠየቁ ነው ስህተቱ። ወተትም ለአንድ ሁለት ቀን ሊቀንስ ይችላል፤ ይመለሳል።

ባለአራት፣ ጥያቄዬ አልተመለሰም።

ባለአራት
እሺ ዶክተር፣ እንዳለ ልናገር። የመጀመሪያውን ከ5 ወር በፊት አንድ ክትባት የሚሰጥ ሰው መጥቶ ወጋልኝ። ብልቃጡ ብዙ ከብት የሚበቃ ነበር፤ ተረፈና «ከወር በኋላ ያንኑ ድገማቸው» ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከወር በኋላ ራሴ ወጋኋቸው። ቀኑን አላሳለፍኩም፤ 30ኛው ቀን ላይ ነው።

ባለመርፌው
ፍሪጁ ውስጥ የት ጋ?

ባለአራት
ከኋላ፣ በረዶ ከሚሠራበት ሥር። ብርዱ የሚበረታው እዚያ ነው ብዬ።

ሣር አጫጅ
ወይኔ።

ባለመርፌው
አየህ፣ ሌባው ተገኘ። ሰው ሁሉ ክትባት ሙቀት አይወድም ሲባል ይሰማና በረዶ ይወዳል ማለት ይመስለዋል። የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ነው። እንደ አባ ጎርባ ያለው የሞተ ክትባት ብዙ ጊዜ ከአሉሚኒየም ውህድ ጋር ተዋህዶ ነው የሚመጣው፤ ያ ውህድ ነው ገላ ውስጥ ሰንብቶ መከላከያውን የሚቀሰቅሰው። አንዴ በረዶ ከሆነ መዋቅሩ ይፈርሳል፣ ይቋጠራል፤ ቢቀልጥም አይመለስም። ብልቃጡን ስትነቀንቀው እንደ ወተት አንድ ዓይነት ሆኖ ነበር ወይስ ፍርፋሪ ነበረው?

ባለአራት
ፍርፋሪ ነበረው። ነቅንቄው አስቀምጬ መርፌ እስካዘጋጅ ደግሞ ታች ዝቃጭ ሆኖ ይጠብቀኛል። ያው ዝቃጩ ነው መድኃኒቱ ብዬ በደንብ ናጥኩት።

ባለመርፌው
ቀዝቅዞ የቀለጠ ክትባት ነው የምትነግረኝ። በዚያ ላይ መርፌ የገባበት ብልቃጥ ወር አይቀመጥም፤ የቡሹን ቀዳዳ ተከትሎ ቆሻሻ ይገባል። አንተ ላይ አልፈርድም፤ «ድገመው» ብሎ ትቶልህ የሄደው ነው የበደለህ።

እንግዲህ ደብተርህ «ሁለት ጊዜ» ይላል፤ የጊደሯ ገላ ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። በሞተ ክትባት የመጀመሪያው መርፌ ገላን ከበሽታው ጋር ያስተዋውቀዋል፤ አጥር የሚሆነው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ የሚሰጠው ሁለተኛው ነው። ከዚያ በየዓመቱ አንድ አንድ ጊዜ፣ በሽታው ከሚነሳበት ወቅት ቀደም ብሎ።

አዲስ ጀማሪ
ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። እኔ ደግሞ ለአፍተግር አስከትቤ በ8ኛው ወር ሁሉም ምራቃቸውን እያዝረበረቡ፣ ኮቴያቸው ቆስሎ ቆመው ቀሩ። የኔም ፍሪጅ ነው?

ባለመርፌው
ያንተ ሌላ ታሪክ ነው። የአፍተግር ቫይረስ አንድ ዘር አይደለም፤ ሰባት ነው፤ ኦ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤሲያ 1 እና ሦስቱ ሳት (ሳት 1፣ ሳት 2፣ ሳት 3)። ሲ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የትም አልታየም፤ ሌሎቹ አሉ። ለአንዱ የተከተበ ከብት ለሌላው ክፍት ነው። ስለዚህ አካባቢህ የሚዞረው የትኛው እንደሆነና ብልቃጡ ውስጥ ያለው እሱ መሆኑን ጠይቅ። ጥበቃውም አጭር ነው፤ ብዙዎቹ ክትባቶች ከ4 እስከ 6 ወር ነው የሚያቆዩት። 8ኛው ወር ላይ ከብቶችህ ያልተከተቡ ያህል ነበሩ።

አዲስ ጀማሪ
ማንም አልነገረኝም 🤦

የማለዳ አላቢ
ልጄ፣ ማንም አይነግርህም፤ አንተ ነህ የምትጠይቀው። እኔ ክትባት ሊሰጥ የመጣን ሰው ከላም በፊት ሳጥኑን ነው የማየው። በረዶ አለው ወይ? ብልቃጡ በረዶውን ነክቶ ነው ወይስ በጨርቅ ተለይቶ? ጊዜው አልፎበታል ወይ? አንዴ አንዱ ብልቃጡን ከሸሚዝ ኪሱ አወጣልኝ። ከኪሱ! «ይሄን ለራስህ ውጋ» ብዬ መለስኩት።

ሣር አጫጅ
እትዬ እንደርስዎ ያለ ሰው ያብዛልን 😂

የኔን ጉድ ልጨምር። ለአባ ሰንጋ የተከተቡ ቀን አንዷ ላም ሳል ነበራትና «እግረ መንገዱን» ብዬ አንቲባዮቲክ አስወጋኋት። በኋላ ሌላ ሐኪም ሲሰማ ራሱን ያዘ። የአባ ሰንጋ ክትባት ሕያው ስፖር ነው፤ አንቲባዮቲኩ ገና ሥራ ሳይጀምር ይገድለዋል። በዚያ ላይ የታመመችው መከተብም አልነበረባትም።

ባለመርፌው
ትክክል። የታመመ፣ ትኩሳት ያለው ወይም ከረጅም መንገድ የመጣ ከብት አይከተብም፤ ይጠበቃል። የከብት ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው።

መርፌ ካነሳን አይቀር፣ ለሕያው ክትባት ሲሪንጁን በአልኮል ወይም በጸረ ተህዋስያን የምታጥቡ ካላችሁ ተዉ። ለጉርብርብ (ቆዳው ላይ ቋጠሮ ለሚያወጣው በሽታ) የሚሰጠው ለምሳሌ ሕያው ቫይረስ ነው፤ ሲሪንጁ ውስጥ የቀረች የአልኮል ጠብታ ትገድለዋለች። ቀቅሉትና አቀዝቅዙት። ዱቄቱ ከመበጥበጫው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ለነገ አይባልም። በሠራችሁበት ጊዜ ሁሉ ጥላ ውስጥ ይሁን።

አንድ መርፌ ለመንጋ ሙሉም አይሆንም። በመዥገር የሚተላለፈው አናፕላዝማ የሚባል የደም በሽታ በደም በተነካ መርፌም ይተላለፋል። ሦስትና አራት ከብት ላለው ሰው ለእያንዳንዱ አዲስ መርፌ መቀየር ከባድ አይደለም።

ባለአራት
ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቀሩት ሦስቱስ? አንዷ ላም 8ኛ ወሯን ይዛለች፣ ኮርማው ባለፈው የነገረን እየመጣብኝ ፈራሁ።

ባለመርፌው
ሦስቱንም እንዳልተከተቡ ቁጠራቸው። ከአዲስ ብልቃጥ ዛሬ ነገ ሳትል አስወጋ፤ ከ4 ሳምንት በኋላ ድገም። ጥጃው 4 ወሩ ከሆነ ይበቃዋል። ከዚያ በታች ቢሆን ኖሮ ከእናቱ እንገር የወሰደው መከላከያ ገና ደሙ ውስጥ ስላለ ክትባቱን ያኮላሽበት ነበር፤ ያኔ ቢወጋም ኋላ መደገም ግድ ነው።

እርጉዟን ሳታሯሩጥ፣ ሳትጥል፣ ጠዋት በብርዱ፣ እየበላች ሳለ ሁለት አጥር መካከል አቁመህ አስወጋት። ቦታው አንገት ላይ ነው፤ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጎ ወደ ላይ ሳብ፣ ከሥሩ። ታፋ ላይ አይወጋም። ከተወጉ በኋላ አንድ ሰዓት አጠገባቸው ሁን። አልፎ አልፎ ክትባት የማይስማማው ከብት አለ፤ ፊቱ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያኔ አድሬናሊን የሚባለው መድኃኒት በእጅ ካልተገኘ ደቂቃ አይጠብቅም።

ደግሞ እንደተወጉ ጥበቃው አይጀምርም፤ ከሁለተኛው መርፌ በኋላም ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። እስከዚያ ያን መስክ ተዉት፤ አጭደህ ከሌላ ቦታ አብላቸው። ጠዋትና ማታ ሙቀታቸውን ለካ፤ ማንከስ ያየህ ሰዓት ደግሞ አሸት አሸት የለም፤ ደውል።

ዝም ያለ ኮርማ
እኔ አልከራከርም አሁን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሁሉንም በሽታ በክትባት መከላከል ይቻላል?

ባለመርፌው
አይቻልም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። የጡት በሽታ የሚቀንሰው በንጹሕ እጅና በደረቅ መኝታ ነው። ጉበት ትል ቀንድ አውጣ ካለበት ረግረግ ካልራቁ መድኃኒቱ ብቻውን አያዛልቅም።

የማለዳ አላቢ
እኔ ካላችሁኝ የመጀመሪያው ክትባት እንገር ነው። ጥጃ ሲወለድ ደሙ ውስጥ መከላከያ የለውም፤ ያለ የሌለው እናቱ የምትሰጠው ነው። አንጀቱ ደግሞ ያንን የሚቀበለው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች ውስጥ የክብደቱን አሥረኛ፤ ጥጃው 30 ኪሎ ከሆነ 3 ሊትር እንገር ሆዱ መግባት አለበት። ሌሊት 9 ሰዓት ቢወለድ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። «ራሱ ይጥባል» ብሎ የሚተኛ ሰው ጠዋት ጥጃው ቆሞ ያየዋል፤ ተቅማጡ የሚመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ያኔ ምክንያቱን ውኃው ላይ ያላክካል። እትብቱንም አዮዲን ውስጥ ንከሩት፤ እንገሩ በአፍ ሲገባ በሽታው በእትብት ይገባል።

ሌላው የእንግዴ ልጅ ነው። በባዶ እጅ አትንኩ፣ ለውሻ አትስጡ፣ ቅበሩት። ወተቱንም አፍሉት። የውርጃ በሽታ የላም ብቻ አይደለም፤ የያዘው ሰው ወራት ሙሉ ትኩሳቱ እየተመላለሰ፣ መገጣጠሚያውን እየቆረጠመው ይሰነብታል።

አሮጌ በረት
እኔ ደግሞ የምጨምረው አዲስ ከብት ነው። ወንድሜ ከገበያ ያመጣትን ላም በዚያው ማታ ከነባሮቹ ጋር አሰራት። ቆዳዋ ንጹሕ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንገቷ ላይ እንደ ባቄላ ቋጠሮ ወጣ፤ ከዚያ በረቱ ሁሉ ጉርብርብ በጉርብርብ ሆነ። ተናካሽ ዝንብና ትንኝ ነው የሚያጋባው፤ ነባሮቹ አልተከተቡም ነበር። አዲስ የመጣ ከብት ለብቻው አንድ ወር ይቆይ፤ የሚበላበት ገንዳ ለብቻው፣ የሚታለበው በስተመጨረሻ። ገመዱንም አትዋዋሱ።

አዲስ ጀማሪ
ጋሼ፣ ቋጠሮው ከወጣ በኋላ ቢከተብስ?

አሮጌ በረት
ያ ለዶክተሩ ነው፤ እኔ የማውቀው ገንዳ መለየት ነው።

ባለመርፌው
ቀድሞ ለያዘው አይጠቅምም፤ ክትባት ሕክምና አይደለም። ላልያዛቸው ግን ወዲያው ይሰጣል፤ እነሱንም የሚጠብቃቸው ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። በዚያ መሐል አንዱ ቢያብጥ «ክትባቱ አሳመመው» ይባላል። ቀድሞ ገብቶበት ነበር።

ዝም ያለ ኮርማ
ወደኔ ነው እያነጣጠርክ ያለኸው ዶክተር 😄

ባለአራት (ከ4 ቀን በኋላ)
ወገኖቼ፣ ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ። ቴርሞሜትር ተዋስኩና ሦስት ሌሊት ፍሪጁ ውስጥ አሳደርኩት። ከኋላ በረዶው ሥር፦ ከዜሮ በታች 3። በሩ ላይ፦ 10። መካከለኛው መደርደሪያ፣ መሐሉ ላይ፦ 5። አንድ ፍሪጅ ነው እኮ! በቀይ ቀለም መካከሉ ላይ ክብ አሥዬ «የከብት» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ የኔ ሽንኩርት የት ይቀመጥ ብላ ተቆጥታለች።

ሦስቱም ከአዲስ ብልቃጥ ተወግተዋል። እርጉዟን እየበላች አስወጋኋት፤ ዘወር ብላ እንኳ አላየችንም። ቀኑን ደብተር ላይ ብቻ ሳይሆን የበረቱ በር ላይ በከሰል ጽፌዋለሁ፤ የብልቃጡንም ቁጥር። ሁለተኛውን ለመውጋት ሐኪሙ ራሱ ይመጣል፣ ከነሳጥኑ።

የማለዳ አላቢ
ሳጥኑን ማየት አትርሳ!

ዝም ያለ ኮርማ (ከ4 ሳምንት በኋላ)
ባለአራት፣ ዛሬ 28ኛው ቀን ነው። ቆጥሬልሃለሁ።

ባለአራት
አንተ ቆጠርክ?! ጠዋት ተወግተዋል። በረዶውን አየሁ፣ ብልቃጡን አየሁ፣ ፍርፋሪ የለውም። ጥጃው ሐኪሙን ጉልበቱ ላይ ረግጦታል፤ ከዚያ ውጭ ሁሉም እያመሰኩ ነው።

ዝም ያለ ኮርማ
የሐኪሙን ስልክ በውስጥ ላክልኝ እስኪ።